አብራሪው ለምን አልወረደም? ስለ ስድስተኛው ትውልድ ተዋጊ ጄትና ስለ አጃቢ ድሮኖቹ

ጥያቄ፦ «በ2020 አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም የኤፍ-16 ተዋጊ ጄት አብራሪን 5 ለ 0 ረታ። አሜሪካ ግን በ2025 ኤፍ-47 ለተባለ ባለ አብራሪ ጄት ለቦይንግ ውል ሰጠች። እንግሊዝ፣ ጃፓንና ጣሊያን በአንድ ወገን፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ስፔን በሌላ ወገን የየራሳቸውን እያዘጋጁ ነው። ማሽኑ ሰውን ካሸነፈ፣ ድሮንም ርካሽ ከሆነ፣ ሰው ለምን ይቀመጥበታል? የአየር ኃይል አዛዦች ራሳቸው አብራሪዎች ስለነበሩ አይደለም? ደግሞስ ጠላት የሬዲዮ ግንኙነቱን ቢያፍነው ከጄቱ ጋር አብረው የሚበርሩት አጃቢ ድሮኖች ቁራጭ ብረት አይሆኑም? የመመረቂያ ጽሑፌን ‹ባለ አብራሪው ስድስተኛ ትውልድ ተዋጊ ሳይወለድ ሞቷል› በሚል አቋም ላይ ልመሥርተው አስቤአለሁ። ያዋጣኛል?»

ምላሽ፦

አያዋጣም። ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት መከራከሪያዎች አሉ፤ አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል። ድሮኑ አብራሪውን ይተካል ካሉ፣ ግንኙነቱ ሲታፈን ዋጋ ያጣል ማለት አይችሉም። ግንኙነቱ ሲታፈን በእርግጥ ዋጋ የሚያጣ ከሆነ ደግሞ፣ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው እዚያው በቅርብ መገኘቱ የሥርዓቱ ምሰሶ ይሆናል እንጂ ትርፍ ወጪ አይሆንም። ፈታኝዎ መጀመሪያ የሚይዝዎት በዚህ ነው። (በጥያቄውም በምላሹም ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ5 ለ 0 ልጀምር። በኦገስት 2020 ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ባዘጋጀው ውድድር፣ ሄሮን ሲስተምስ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ የሠራው ፕሮግራም ልምድ ያለውን የኤፍ-16 አብራሪ አምስት ጊዜ በተከታታይ መታው። ውጤቱ እውነት ነው፤ ላሳንሰው አልፈልግም። ፍልሚያው ግን በሲሙሌተር ውስጥ ነበር። የተፈቀደው መሣሪያ የአውሮፕላኑ መድፍ ብቻ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፕሮግራሙ የተቃዋሚውን ቦታ፣ ፍጥነትና አቅጣጫ በየቅጽበቱ ያለ ስህተት ይነገረው ነበር። በእውነተኛው ሰማይ ላይ እንዲህ ያለ ነጋሪ የለም። የአየር ውጊያ ከባዱ ክፍል ተጠማዝዞ መተኮስ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ዛሬ ከባዱ ማወቅ ነው፦ በራዳሩ ላይ የታየው ነገር አውሮፕላን ነው ወይስ ማታለያ? የወገን ነው፣ የጠላት ነው ወይስ የመንገደኞች? እሱስ እኔን አይቶኛል? ውድድሩ ከእነዚህ አንዱንም አልፈተነም።

ለእርስዎ መከራከሪያ የተሻለው ማስረጃ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በዲሴምበር 2022 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመሩ ፕሮግራሞች ኤክስ-62ኤ የተባለውን፣ ከኤፍ-16 የተለወጠ የሙከራ አውሮፕላን በእውነት ማብረር ጀመሩ። በ2023 ይኸው አውሮፕላን ሰው ከሚያበርረው ኤፍ-16 ጋር በሰዓት 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት፣ እስከ 600 ሜትር ድረስ እየተቀራረበ ተፋለመ። ለጥንቃቄ ሲባል ኮክፒቱ ውስጥ የተቀመጡት አብራሪዎች በፍልሚያው መካከል መሪውን መንጠቅ አላስፈለጋቸውም። በሜይ 2024 የወቅቱ የአሜሪካ አየር ኃይል ሚኒስትር ፍራንክ ኬንዳል ራሳቸው ተሳፍረውበት በረሩ። እኔን ግን ከፍልሚያው ይልቅ የማረከኝ አንድ ቁጥር ነው፦ በ21 የሙከራ በረራዎች ውስጥ ለበረራ ደኅንነት ወሳኝ ከሆነው ሶፍትዌር ከ100,000 በላይ መስመሮች ተለውጠዋል። ሰው ዓመታት ፈጅቶበት የሚማረውን ማሽኑ በሁለት በረራዎች መካከል ተምሮ ይመጣል ማለት ነው። እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ማብረር ለማሽን ቀርቷል ቢባል ማጋነን አይደለም። አብራሪው እስካሁን ያልወረደው ግን በማብረር ችሎታው ስለተፈለገ አይደለም።

«ስድስተኛ ትውልድ» የሚለውን ቃልም ጠበቅ አድርገው አይያዙት። ትውልድ የሻጭ ቃል ነው፤ አውሮፕላንን በትውልድ የሚመድብ ዓለም አቀፍ አካል የለም። ንድፉን የሚገፉት ነገሮች ግን ይታወቃሉ። አንደኛው ከሁሉም አቅጣጫና ከብዙ ዓይነት ራዳር መሰወር ነው። ዲሴምበር 2024 ላይ በቻይና ቼንግዱና ሼንያንግ ሲበርሩ የታዩት ሁለት አዳዲስ አውሮፕላኖች ቀጥ ብሎ የሚቆም ጅራት አልነበራቸውም። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። የዛሬ ተዋጊዎች ቅርጽ በዋናነት የተዘጋጀው የሞገድ ርዝመታቸው በሴንቲ ሜትር ለሚለካ የኢላማ ራዳሮች ነው። የሞገድ ርዝመቱ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የቅኝት ራዳር ሲመጣ ግን የጅራቱ ስፋት ከሞገዱ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ምንም ያህል ቢያዘነብሉት ምላሽ ይሰጣል። መፍትሔው ጅራቱን መቁረጥ ነው።

የእኔ ሙያ የበረራ ቁጥጥር ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጅራት የሌለው አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ በራሱ ወደ ቀጥታው አይመለስም። ኮምፒውተሩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያረመ መያዝ አለበት። ጅራት የሌለው የአሜሪካው ቢ-2 ቦምብ ጣይ ይህን የሚያደርገው በክንፎቹ ጫፍ ላይ ተሰንጥቀው በሚከፈቱ መቅዘፊያዎች ነው። ቀርፋፋ ለሆነ ቦምብ ጣይ ይበቃል። ከድምፅ በላይ እየሮጠ በድንገት ለሚታጠፍ ተዋጊ ግን እነዚያ ክፍሎች ብዙ ጊዜ በተከፈቱ ቁጥር የተሰወረውን ቅርጽ ያበላሹታል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ከመታጠፍና ከመሰወር አንዱን በየቅጽበቱ ይከፍላል። የአንድ ትልቅ ጄት ዋጋ የሚንረው እንዲህ ባሉ ዓይን በማይስቡ ጉዳዮች ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። ጠንካራ ራዳር፣ የሬዲዮ ማፈኛና ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ ይበላሉ፤ የበሉትንም ወደ ሙቀት ይለውጡታል። በሰፊው ቀዳዳ ከፍቶ አየር ማስገባት መሰወርን ስለሚያበላሽ ሙቀቱ ወደ ነዳጁ ይላካል። ነዳጁ ደግሞ እየተቃጠለ ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሙቀቱን የሚያኖርበት ቦታ ያጣል። ኤፍ-35 የተባለው የአሜሪካ ተዋጊ ጄት የማቀዝቀዣ ፍላጎት መጀመሪያ ከታሰበው በላይ ስለሄደ ከሞተሩ ተጨማሪ አየር ይቀዳል፤ ሞተሩም በዚያ የተነሣ ቶሎ ያረጃል። ለአዲሶቹ ጄቶች የታሰቡት ተለዋዋጭ ሞተሮች ሦስተኛ የአየር መስመር የሚጨምሩት ነዳጅ ለመቆጠብ ብቻ ሳይሆን ይህን ሙቀት ለመሸከምም ነው። ይህ ሁሉ መሣሪያ የሚጫነው ባለ አብራሪው ጄት ሰማይ ላይ ያለ የማዘዣ ጣቢያ እንዲሆን ስለተፈለገ ነው፤ ሰው ባይቀመጥበትም እንኳ ከነግዝፈቱና ከነውድነቱ ይኖራል። አብራሪው ቢወርድ የሚቆጠበው ወንበሩ፣ ኦክስጅኑና የኮክፒቱ ሽፋን ነው፤ የዋጋው ትልቅ ድርሻ እዚያ የለም።

አሁን ወደ ድሮኖቹ። «ድሮን ርካሽ ነው» ሲሉ በዩክሬን ጦርነት የታዩትን፣ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገጣጠሙትን ባለ አራት መዘውር እያሰቡ ከሆነ፣ ስለ ሌላ ነገር እየተነጋገርን ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል በኤፕሪል 2024 ለመጀመሪያው ዙር አጃቢ ድሮን የመረጣቸው ጀነራል አቶሚክስና አንዱሪል የሠሯቸው አውሮፕላኖች በ2025 በረሩ፤ ዋይኤፍኪው-42ኤ በኦገስት፣ ዋይኤፍኪው-44ኤ በኦክቶበር። ሁለቱም ባለ ጄት ሞተር ናቸው። በፌብሩዋሪ 2021 በአውስትራሊያ ዉሜራ የበረረው የቦይንግ አጃቢ ድሮን ጎስት ባት 11.7 ሜትር ይረዝማል። ቱርክ ደግሞ ክዝልኤልማ የተባለውን ባለ ጄት ድሮን በዲሴምበር 2022 አብርራለች። ኬንዳል ለአሜሪካው አጃቢ ያስቀመጡት የዋጋ ግብ ከኤፍ-35 ሩብ እስከ ሲሶ ነበር፤ አንድ ኤፍ-35ኤ ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ስለሚጠጋ፣ ስሌቱ ከ20 ሚሊዮን ዶላር ይጀምራል። ይህ ቢጠፋ የሚቻል ነው፤ እንደ ጥይት የሚበተን ግን አይደለም።

ሥራቸው ምንድን ነው? በጨለማ ባትሪ የሚያበራ ሰው ራሱ ከሚያየው በላይ በሌሎች ይታያል። ራዳሩን የሚያበራ ጄትም እንዲሁ ነው። አጃቢው ወደፊት ቀድሞ ባትሪውን ያበራል፤ ጄቱ ከኋላ በጨለማው ውስጥ ሆኖ በእሱ ብርሃን ያያል። ሌላው አጃቢ ተጨማሪ ሚሳኤል ይሸከማል፤ ሦስተኛው የጠላትን ራዳር ያፍናል ወይም ጄት መስሎ ያታልላል። ተተኩሶበት ቢወድቅ የጠላት ውድ ሚሳኤል ባክኗል፤ ተኳሹም ያለበትን ቦታ አሳይቷል።

ስለ ማፈን የጠየቁት ከሁሉም ጥያቄዎችዎ የበለጠ ክብደት ያለው ነው። መጀመሪያ አንድ ስህተት ላርም፤ አብራሪው አጃቢውን በመሪ እየነዳ አይደለም። የራሱን ጄት እያበረረ ሁለት ሌሎች አውሮፕላኖችን መንዳት ለማንም አይቻልም። የሚሰጠው የሥራ ትእዛዝ ነው፦ «ይህን ቀጠና ፈትሽ፤ ያገኘኸውን አሳውቀኝ።» ከዚያ በኋላ ማብረሩ፣ መሰናክል ማለፉና ነዳጅ መቁጠሩ የድሮኑ ነው። ግንኙነት ቢቋረጥ የሚያደርገውም አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ይመለስ፣ ባለበት ይዙር ወይስ ጅምሩን ይፈጽም። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ በሳተላይት የሚያዝ ድሮን በቀላሉ ይታፈናል፤ ሳተላይቱ ሩቅ ስለሆነ ምልክቱ ደካማ ነው። በአሥሮች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ካለ ጄት በጠባብ ጨረር የሚመጣን ትእዛዝ ማፈን ግን እጅግ ይከብዳል፤ አፋኙ በጨረሩ መስመር ውስጥ መግባት ወይም እጅግ ብዙ ኃይል መርጨት አለበት፤ ብዙ ኃይል የሚረጭ ደግሞ ራሱ ኢላማ ነው። አብራሪው ለምን አልወረደም ለሚለው ዋናው መልሴ ይህ ነው። ሰውየው እዚያ ያለው ትእዛዙ አጭር መንገድ እንዲሄድ ነው።

ግንኙነት ሲጠፋ የሚሆነውን የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በኦክቶበር 2024 የሩሲያው ኤስ-70 ኦኾትኒክ፣ ከሱ-57 ተዋጊ ጄት ጋር በአጃቢነት እንዲበርር የታሰበው ግዙፍ ድሮን፣ በምሥራቅ ዩክሬን ኮንስታንቲኒቭካ አካባቢ ከቁጥጥር የወጣ በሚመስል ሁኔታ እየበረረ ሳለ አብሮት የነበረው የራሱ ወገን ጄት መትቶ ጣለው። ስብርባሪው በዩክሬን እጅ ወደቀ፤ ክፍሎቹም ተመረመሩ። ትልቅ፣ ውድና ምስጢር የተሸከመ አጃቢ ሲያምጽ ምን ዓይነት ምርጫ እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ የለኝም። በአጃቢው ላይ የሚጫነው ሁሉ ጠላት ሜዳ ላይ ቢገኝ ሊታገሡት የሚችሉት መሆን አለበት።

የመተኮስ ውሳኔን በተመለከተ ጥንቃቄ ያድርጉ። ብዙ ጽሑፎች የአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱን ተኩስ ሰው እንዲፈቅድ ያስገድዳል ይላሉ። በ2012 ወጥቶ በጃንዋሪ 2023 የታደሰው 3000.09 የተባለው የመከላከያ መመሪያ እንዲህ አይልም። አዛዦችና ተጠቃሚዎች በኃይል አጠቃቀም ላይ ተገቢ የሆነ የሰው ፍርድ መጠን እንዲኖራቸው ሆኖ መሣሪያው ይሠራ ይላል። «ተገቢ» የምትለው ቃል ሰፊ ናት፤ ሆን ተብሎ ሰፊ ሆናለች። ስለዚህ «ሕጉ ስለሚከለክል አብራሪው ይኖራል» ብለውም አይጻፉ።

ድሮኖቹ ብቻቸውን ይሂዱ የሚለውን ሐሳብ ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ግን ርቀት ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል በሜይ 2025 ባወጣው ንጽጽር የኤፍ-47 የውጊያ ሬዲየስ፣ ማለትም ሄዶ ተዋግቶ የሚመለስበት ርቀት፣ ከ1,000 የባሕር ማይል (1,850 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ነው። የቀድሞው ተዋጊ ጄት የኤፍ-22 590 የባሕር ማይል ነው። የአጃቢዎቹ ደግሞ ከ700 በላይ (1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ) ተብሏል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። አጃቢው ከተዋጊው ጋር ከአንድ ሜዳ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው መድረስ አይችልም። ወይ በአየር ላይ ነዳጅ ይሞላለታል፤ ያኔ የጠላት ሚሳኤል አስቀድሞ የሚፈልገው ነዳጅ ጫኙ አውሮፕላን ወደፊት መቅረብ አለበት። ወይ ለጠላት ከሚቀርብ ትንሽ ሜዳ ይነሣል፤ ያኔ ነዳጅ፣ ሚሳኤልና መካኒክ እዚያ ሜዳ ላይ አስቀድመው መድረስና ከጥቃት መጠበቅ አለባቸው። በሰው ብዛት ዝቅ ያለ ነው የተባለው ኃይል መሬት ላይ ሰው ይጠይቃል። ስለ ድሮን በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ይህን የሚያነሣ ሲጠፋ ያሳዝነኛል፤ ከአውሮፕላኑ ይልቅ ቀድመው የሚሞቱት እነዚያ መካኒኮች ናቸውና።

ገንዘቡም ያው ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2024 የኤፍ-35 የዕድሜ ልክ የማቆያ ወጪ ግምት 1.58 ትሪሊዮን ዶላር መድረሱን አሳውቋል፤ በ2018 የነበረው ግምት 1.1 ትሪሊዮን ነበር። አውሮፕላን ሲገዛ የሚከፈለው ቀብድ ነው ማለት ይቻላል። አጃቢ ድሮን እዚህ ላይ እውነተኛ ብልጫ አለው፤ አብራሪን በብቃቱ ለማቆየት በየሳምንቱ መብረር አያስፈልገውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ተጠቅልሎ ሊቀመጥ ይችላል። ነገር ግን ብልጫው የሚቆየው ርካሽነቱ በጥብቅ ከተጠበቀ ነው። አንዱ ክፍል የተሻለ ሴንሰር ይጨምራል፣ ሌላው የተሻለ ሽፋን፣ ሌላው ረጅም ርቀት፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። መጨረሻ ላይ ማንም እንዲጠፋ የማይፈልገው አጃቢ ይወጣል፤ እንዲጠፋ የማይፈለግ አጃቢ ደግሞ ወደፊት አይላክም። ሶፍትዌሩንም አይርሱ። የኤፍ-35 አዲስ የኮምፒውተር ማሻሻያ ስላልተጠናቀቀ አሜሪካ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል አዳዲሶቹን አውሮፕላኖች አልተረከበችም። በመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ አጃቢዎች ላይ የተልእኮው ሶፍትዌር አውሮፕላኑን ከሠራው ሳይሆን ከሌላ ኩባንያ እንዲመጣ መደረጉን ተስፋ ሰጪ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአዛዦቹ ጉዳይ ቀረ። አብራሪነት በአየር ኃይሎች ውስጥ ክብር መሆኑ፣ በውሳኔዎች ላይም ጫና ማሳደሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከእርስዎ በፊትም የባለ አብራሪውን ተዋጊ ሞት ያወጁ ነበሩ። በ1957 የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስትር ደንከን ሳንዲስ ባወጡት ሰነድ ወደፊት ሥራው የሚሳኤል ነው ተብሎ በርካታ የተዋጊ አውሮፕላን ፕሮጀክቶች ተሰረዙ። ስለ ሚሳኤል ያሉት ብዙ ነገር ደረሰ። ያልጠበቁት የተዋጊው ሥራ ራሱ መለወጡን ነበር፤ ቦምብ ጣይ ከማሳደድ ሌላ ሥራ አገኘ። ዛሬ እንግሊዝ ከጃፓንና ከጣሊያን ጋር ለ2035 አዲስ ባለ አብራሪ ተዋጊ እያዘጋጀች ነው። ፈረንሳይና ጀርመንም በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሆነው ሲጨቃጨቁ የቆዩት በዋናነት በሰውና በማሽን ጉዳይ አይደለም። ፈረንሳይ ከመርከብ የሚነሣና የኑክሌር ሚሳኤል የሚሸከም ጄት ትፈልጋለች፤ ጀርመን ያ አያስፈልጋትም። ሥራውን ማን ይመራል የሚለው የፈረንሳዩ ኩባንያ ዳሶና የጀርመንን ወገን የሚወክለው ኤርባስ ጠብም ተጨምሮበታል።

የምመክርዎት ይህ ነው። «ሞቷል» የሚለውን ርእስ ይጣሉት፤ አንድን ጄት ከአንድ ድሮን ጋር ማወዳደሩንም ይተዉት። የሚወዳደረው ኃይል ከኃይል ነው። አንድ ርቀት ይምረጡ፤ 1,500 ኪሎ ሜትር ቢሆን ይበጃል፤ ከላይ ባሉት ቁጥሮች መካከል ስለሚወድቅ ምርጫዎቹን ይለያል። ለ30 ዓመት የሚሆን አንድ በጀት ይውሰዱ፣ ማቆያውን ጨምረው። በዚያ በጀት ሦስት ኃይሎችን ይገንቡ፦ ጄት ብቻ፣ ድሮን ብቻ፣ ሁለቱን የቀላቀለ። አሜሪካ ያሰበችው ከ185 በላይ ኤፍ-47ና ከ1,000 በላይ አጃቢ ስለሆነ ለሦስተኛው መነሻ ይሆንዎታል። ከዚያ እያንዳንዱ ኃይል በቀን ስንት ሚሳኤልና ስንት ራዳር እዚያ ርቀት ላይ ማድረስ እንደሚችል ያስሉ፤ መጀመሪያ ግንኙነቱ ሙሉ ሆኖ፣ ቀጥሎ የሳተላይቱ ተቆርጦ፣ በመጨረሻም በጄትና በአጃቢ መካከል ያለውም ተቆርጦ። ለኪሳራ መጠን የኩባንያ ቪዲዮና የማስታወቂያ ጽሑፍ እንደ ማስረጃ አይውሰዱ፤ ከፍና ዝቅ ያለ ግምት አስቀምጠው ውጤቱ ምን ያህል እንደሚናወጥ ያሳዩ። ድሮን ብቻ የሆነው ኃይል በሦስተኛው ሁኔታ ጭምር ካሸነፈ፣ ያኔ የዛሬው አቋምዎ በቁጥር ተደግፎ ይመለስና ይጽፉታል። እኔ የተቀላቀለው ኃይል ይበልጣል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሠንጠረዡን ግን ከመግቢያው በፊት ይሥሩት።